ሆርሞን ጡት ላይ ምን ይሠራል? የማረጥ መድኃኒት፣ የሦስት ወር መርፌና ያልጠራው የካንሰር ወሬ

ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ በአጭሩ ኤፍዲኤ፣ ለማረጥ ምልክቶች የሚታዘዙ የሆርሞን መድኃኒቶች ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ታትሞ የቆየውን «ጥቁር ሣጥን» ሊያስነሣ መሆኑን አስታወቀ። ጥቁር ሣጥን የሚባለው በመድኃኒቱ መግለጫ ወረቀት አናት ላይ በጥቁር መስመር ተከብቦ የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ ሲሆን፣ ተቋሙ ካሉት ማስጠንቀቂያዎች ሁሉ ከባዱ ነው። እንዲወጡ ከተወሰነባቸው ቃላት መካከል «የጡት ካንሰር» የሚለው ይገኝበታል።

እንዲህ ያለ ዜና ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር በሁለት ጫፍ ይተረጎማል። ለአንዱ «ሆርሞን ካንሰር ያመጣል የተባለው ለካ ውሸት ነበር» ነው፤ ለሌላው «መድኃኒት ሻጮቹ አሸነፉ» ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ሦስተኛ ጥያቄ ይከተላል፦ የሦስት ወር መርፌ የምትወጋ ወይም ክንዷ ላይ የወሊድ መከላከያ ያስቀበረች ሴት «የእኔስ?» ማለቷ አይቀርም። ሦስቱንም ለመመለስ መነሻው መድኃኒቱ ሳይሆን ጡት ራሱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ሳያልቅ የሚወለድ አካል

ልብ፣ ጉበትና ኩላሊት ሕፃን ሲወለድ መሠረታዊ ቅርጻቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። ጡት እንደዚያ አይደለም። አዲስ የተወለደች ሕፃን ጡት ውስጥ ያሉት ጥቂት አጫጭር ቱቦዎች ብቻ ናቸው፤ ለዓመታትም እንደዚያው ይቆያሉ። ቱቦዎቹ የሚነቁት ኦቫሪ፣ ማለትም የሴቷ የእንቁላል ዕጢ፣ ሥራ ሲጀምር ነው።

ኦቫሪ ሁለት ዋና ዋና ሆርሞኖችን ወደ ደም ይለቃል። ኤስትሮጅን የሚመነጨው በዋናነት እንቁላሏን ታቅፈው ከሚያሳድጓት ህዋሳት ነው። ፕሮጄስትሮን ደግሞ እንቁላሏ ከወጣች በኋላ በቦታዋ ከሚቀረው ቢጫ እብጠት ይመጣል፤ ስለዚህም በብዛት የሚገኘው በወሩ ሁለተኛ አጋማሽ ብቻ ነው። በጉርምስና ዕድሜ ኤስትሮጅን ቱቦዎቹን ያስረዝማል፣ ያስቀጥላል፣ በዙሪያቸውም ስብ ይከማቻል። እንቁላል በየወሩ መውጣት ሲጀምር ፕሮጄስትሮን ይጨመርና ከቱቦዎቹ ጎን ትናንሽ ቅርንጫፎች ያቆጠቁጣሉ፤ ጫፋቸው ላይም የወተት ከረጢቶች ጅምር ይታያል። ወተት ወደሚያመርትበት ሙሉ ብስለቱ የሚደርሰው ግን በእርግዝና ጊዜ ነው። ልጅ ጡት ሲጥል ብዙው ይፈርሳል። በሚቀጥለው እርግዝና እንደገና ይገነባል። ካረጡ በኋላ ወተት የሚያመርተው የጡት ሥጋ እየሳሳ ቦታውን ለስብ ይለቃል።

ጡት እንግዲህ ዕድሜ ልኩን በትእዛዝ የሚገነባና የሚፈርስ አካል ነው። ለካንሰር የሚያጋልጠው ነገርም ከዚሁ ጠባዩ ጋር የተያያዘ ነው።

የሚሰማው ሌላ፣ የሚባዛው ሌላ

ሆርሞን በደም ውስጥ ተዘዋውሮ ሁሉንም የአካል ክፍል ይነካል፤ የሚታዘዙለት ግን «ተቀባይ» ያላቸው ህዋሳት ብቻ ናቸው። ተቀባይ ማለት በህዋሱ ውስጥ ያለ፣ ሆርሞኑ እንደ ቁልፍ የሚገጥምበት ፕሮቲን ነው። ኤስትሮጅን ከተቀባዩ ጋር ሲጣመር ሁለቱ ተያይዘው የዘር መመሪያው፣ ማለትም ዲኤንኤው፣ ላይ ያርፉና የተመረጡ ጂኖችን ይቀሰቅሳሉ።

ለረጅም ጊዜ የነበረው ግምት ቀላል ነበር፦ ኤስትሮጅን የደረሰው የጡት ህዋስ ይባዛል የሚል። በ1990ዎቹ ከጤናማ ሴቶች የተወሰዱ የጡት ናሙናዎች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ግን ያልተጠበቀ ነገር ተገኘ። የወተት ቱቦውን ከውስጥ ከሸፈኑት ህዋሳት መካከል የኤስትሮጅን ተቀባይ ያላቸው ጥቂቶቹ ናቸው፤ እነሱም ተራርቀው ተበታትነዋል። ዋናው ነገር ደግሞ እነዚህ ተቀባይ ያላቸው ህዋሳት ሲባዙ የማይታዩ መሆናቸው ነው። የሚባዙት ተቀባይ የሌላቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው።

በአንድ መንደር ሬዲዮ ያለው አንድ ቤት ብቻ ቢሆን ወሬውን የሚሰማው እሱ ነው፤ ሰምቶም ለጎረቤት ያወራል። በጤናማ ጡት ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ሰሚው ህዋስ የሆርሞኑን መልእክት ተቀብሎ በአቅራቢያው የሚሠሩ የራሱን ኬሚካዊ መልእክቶች ያወጣል። በኤስትሮጅን በኩል አምፊሬጉሊን የሚባለው ፕሮቲን፣ በፕሮጄስትሮን በኩል ደግሞ ራንክ ሊጋንድ የሚባለው በዋናነት ይጠቀሳሉ። ጎረቤቱ ይባዛል፤ ሰሚው ራሱ ዝም ይላል።

በአብዛኛው የጡት ካንሰር ይህ የሥራ ክፍፍል ይፈርሳል። ያው አንዱ ህዋስ ይሰማል፣ ያው ራሱ ይባዛል። የጎረቤት ፈቃድ አያስፈልገውም። በሕክምና ቋንቋ «ሆርሞን ፖዘቲቭ» ወይም «ኢአር ፖዘቲቭ» የሚባለው የካንሰር ዓይነት ይህ ነው። ስሙ ራሱ ብዙ ሰው ያሳስታል፦ ፖዘቲቭ መባሉ ሴትዮዋ ሆርሞን በዝቶባታል ማለት ሳይሆን የካንሰሩ ህዋሳት ተቀባይ ተሸክመዋል ማለት ነው።

በማህፀን አረጋጊ፣ በጡት ቀስቃሽ

የሕዝቡም ሆነ የአንዳንድ ባለሙያው ግራ መጋባት ትልቁ ምንጭ ፕሮጄስትሮን ነው። በማህፀን ሽፋን ላይ ሥራው ግልጽ ነው፦ በወሩ መጀመሪያ ኤስትሮጅን ሽፋኑን ያወፍራል፣ ፕሮጄስትሮን ሲመጣ ዕድገቱን ያቆምና ያረጋጋዋል። ማህፀን ላላት ሴት ኤስትሮጅን ብቻውን ቢሰጣት ሽፋኑ ያለ ገደብ አድጎ ወደ ካንሰር ሊሄድ ስለሚችል፣ ከፕሮጄስትሮን ወይም ከሰው ሠራሽ አምሳያው ከፕሮጄስቲን ጋር የሚታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው።

በጡት ግን ነገሩ ይገለበጣል። የጡት ህዋሳት በብዛት የሚከፋፈሉት በወሩ የመጀመሪያ አጋማሽ ኤስትሮጅን ብቻውን ሲገዛ ሳይሆን፣ በሁለተኛው አጋማሽ ፕሮጄስትሮን ሲጨመር ነው። ብዙ ሴቶች የወር አበባቸው ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ጡታቸው የሚከብዳቸው፣ የሚወጥራቸውና ሲነካ የሚያማቸው በዚሁ ወቅት ነው። እርግዝና ካልተፈጠረ ሆርሞኖቹ ይወርዳሉ፤ ከተባዙት ህዋሳት ከፊሉ ራሱን አጥፍቶ ይወገዳል፤ እብጠቱም ይቀላል። ጡትን በራስ እጅ ለመዳሰስም ሆነ ማሞግራም፣ ማለትም የጡት ራጅ፣ ለመነሣት የወር አበባ ካበቃ በኋላ ያሉት ቀናት የሚመረጡት ለዚህ ነው፤ በቀደመው ሳምንት የሚዳሰስ ጉጥ ሁሉ ያስደነግጣል።

አንድ ህዋስ ሲከፈል ዲኤንኤውን ይገለብጣል፤ በግልበጣ ደግሞ ስሕተት ይገባል። የአንድ ወር ጉዳይ ከቁም ነገር የሚጣፍ አይደለም። ቁም ነገር የሚሆነው የወራቱ ብዛት ነው። የማሊ ዶጎን ሴቶች ብዙ ወልደው ለረጅም ጊዜ ስለሚያጠቡ በዕድሜያቸው የሚያዩት የወር አበባ ወደ መቶ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። አንድ ወይም ሁለት ልጅ የምትወልድ የከተማ ሴት አራት መቶ ያህል ታያለች። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1713 የጡት ካንሰር በመነኮሳይያት ዘንድ እንደሚበዛ ጽፎ ነበር፤ ምክንያቱን ሊያውቅ ባይችልም የታዘበው ይህንኑ ነበር።

የ2002ቱ ድንጋጤ

ኤፍዲኤ ያነሣው ማስጠንቀቂያ የተወለደው ከአንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ነው፤ «የሴቶች ጤና ኢኒሼቲቭ» ይባላል። 16,608 ያረጡና ማህፀን ያላቸው ሴቶች ከሁለት ተከፍለው ለአንዱ ወገን ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን በየቀኑ፣ ለሌላው ወገን መድኃኒት የሌለበት እንክብል ይሰጠው ጀመር። ኤስትሮጅኑ ከእርጉዝ ፈረሶች ሽንት የሚጣራ ዓይነት ነበር። ፕሮጄስቲኑ ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን ይባላል፤ ስሙን አንባቢ ይያዘው፣ እንመለስበታለን። በሐምሌ 2002 ጥናቱ ከጊዜው በፊት ቆመ፦ መድኃኒቱን ከሚወስዱ 10,000 ሴቶች መካከል በዓመት 38ቱ፣ ከማይወስዱት 30ዎቹ የጡት ካንሰር ይዟቸው ነበር። ጋዜጦች «26 በመቶ ጨመረ» ብለው ጻፉ። ሁለቱም ልክ ነው፤ የሚያሳድሩት ስሜት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ያን ያህል ያልተወራለት የጥናቱ ሌላው ግማሽ ነው። ማህፀናቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው 10,739 ሴቶችም ከሁለት ተከፍለው ለአንዱ ወገን ያለ ፕሮጄስቲን ኤስትሮጅን ብቻ፣ ለሌላው ወገን መድኃኒት የሌለበት እንክብል ነበር የተመደበው። ይህም ክፍል በ2004 ቆሟል፤ ምክንያቱ ግን የስትሮክ መጨመር እንጂ የጡት ካንሰር አልነበረም። እንዲያውም በጡት ካንሰር የተያዙት ከሌላው ወገን ያነሱ ነበሩ፤ በ2020 የወጣው የረጅም ጊዜ ክትትልም በበሽታው የሞቱትም ማነሳቸውን አሳይቷል። ኤስትሮጅን ርቋቸው ለዓመታት የቆዩ የካንሰር ህዋሳት ሆርሞኑ ድንገት ሲመለስባቸው ከማደግ ይልቅ ሊሞቱ መቻላቸው ከሚቀርቡት ማብራሪያዎች አንዱ ነው።

በሌላ በኩል፣ በ2019 በብሪታንያ ተመራማሪዎች አስተባባሪነት የብዙ አገር መረጃ ተሰብስቦ ሲተነተን ኤስትሮጅን ብቻውንም ቢሆን አደጋውን በመጠኑ እንደሚጨምር ተገምቷል። በ50 ዓመታቸው ጀምረው ለአምስት ዓመት ከወሰዱት ሴቶች ከ200 አንዷ ተጨማሪ ትታመማለች ይላል፤ ፕሮጄስቲን በየቀኑ ከተጨመረበት ግን ከ50 አንዷ። ሁለቱ ጥናቶች ስለ ኤስትሮጅን ይጣላሉ፣ ስለ ፕሮጄስቲን ግን አይጣሉም። ከላይ ስለ ወሩ ሁለተኛ አጋማሽ ያየነው ነገር በሺዎች ቁጥር ሲመጣ ይህን ይመስላል።

የኤፍዲኤ ውሳኔ ደጋፊዎች የ2002ቱ ተሳታፊዎች አማካይ ዕድሜ 63 እንደነበር፣ ዛሬ ግን መድኃኒቱ የሚጀመረው በ50ዎቹ መጀመሪያ እንደሆነ፣ የሚሰጠውም ዓይነት እንደተለወጠ ያነሣሉ። ለልብና ለደም ሥር ይህ ክርክር ጉልበት አለው። ተቺዎቹ ደግሞ ውሳኔው የተደገፈበት የሐምሌ 2025 የባለሙያዎች ስብሰባ የተለመደውን የአማካሪ ኮሚቴ ሥርዓት አለመከተሉንና ተናጋሪዎቹ ወደ አንድ ወገን ማዘንበላቸውን ይጠቅሳሉ። በብልት ውስጥ የሚቀባው አነስተኛ መጠን ያለው ኤስትሮጅን ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ለእሱ ጥቁር ሣጥን ድሮም አያስፈልገውም ነበር፤ በዚህ ሁለቱም ወገን ብዙም አይለያዩም። በየቀኑ የሚዋጠውን የጥምር እንክብል በተመለከተ ግን ሣጥኑ ተነሣ ማለት የጡቱ ጉዳይ ተፈታ ማለት አይደለም። በጡት ላይ ዋናው ነገር የጀመሩበት ዕድሜ ሳይሆን ምን ተጨምሮ፣ ስንት ዓመት ተወሰደ የሚለው ነው።

እርግዝና ዘግይቶ የሚከፍል ብድር ነው

«ያልወለደችና ያላጠባች ሴት ካንሰር ይይዛታል» የሚለው አባባል እውነት የተቀላቀለበት ስሕተት ነው። በ30 አገሮች የተሠሩ 47 ጥናቶች በ2002 ተደምረው ሲታዩ እያንዳንዱ ወሊድ አደጋውን በ7 በመቶ፣ እያንዳንዱ የማጥባት ዓመት ደግሞ ተጨማሪ 4.3 በመቶ ይቀንሰዋል። በወጣትነት መውለድ የበለጠ ይከላከላል፤ በእርግዝና ሙሉ ብስለት ላይ የደረሰ የወተት ከረጢት በኋላም ቢሆን ለሆርሞን ጥሪ ቶሎ አይነሣሣምና።

ጥቅሙ ግን ወዲያው አይመጣም። ከወሊድ በኋላ ባሉት ዓመታት አደጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ በአምስተኛው ዓመት ገደማ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል፣ ወደ ታች የሚያልፈውም ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የእርግዝና ከፍተኛ ሆርሞን ቀድሞ የተበላሸ ህዋስ ካገኘ ያሳድገዋል፤ ልጁ ጡት ከጣለ በኋላ የሚካሄደው የማፍረስ ሥራም ቁስል እንደ መዳን ያለ ሂደት ስለሆነ ለዕጢ ይመቻል። በተግባር ሲታይ፣ የአራት ዓመት ልጅ ያላት የ34 ዓመት ሴት ጡቷ ላይ ጉጥ አግኝታ «የድሮ ወተት ነው» ተብላ መመለስ የለባትም።

በኢትዮጵያ ይህ የወሊድ ታሪክ እየተቀየረ ነው። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ አንዲት ሴት በአማካይ 4.6 ልጅ ትወልዳለች፤ አዲስ አበባ ላይ ቁጥሩ 1.8 ነበር። ዘግይቶ መውለድ፣ ጥቂት መውለድ፣ ከማረጥ በኋላ መወፈር፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይገፋሉ። ውፍረት እዚህ መግባቱ የሚያስገርመው ካለ፦ ኦቫሪ ሥራ ካቆመ በኋላ ኤስትሮጅን በብዛት የሚሠራው የሰውነት ስብ ውስጥ ነው፤ አሮማቴዝ በሚባል ኢንዛይም አማካኝነት። የጡት ካንሰር በአገሪቱ ሴቶች ዘንድ ከሁሉም ካንሰር ቀዳሚ መሆኑን ከዚህ ለውጥ ለይቶ ማየት አይቻልም፤ ለዚህ ግን ሴቶችን መውቀስ ከንቱ ነው።

የሦስት ወር መርፌ

አሁን ወደዚያ ስም እንመለስ። የ2002ቱ ጥናት ፕሮጄስቲን፣ ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን፣ በየጤና ኬላው ዴፖ እየተባለ የሚሰጠው የሦስት ወር መርፌ ውስጥ ያለው ያው ንጥረ ነገር ነው። በ2019 በተደረገው ዳሰሳ ባለትዳር ከሆኑ ኢትዮጵያውያን ሴቶች 41 በመቶው ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ 27 በመቶው መርፌ፣ 9 በመቶው በክንድ የሚቀበር፣ 2 በመቶው ብቻ እንክብል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ጥያቄ በዋናነት የፕሮጄስቲን ጥያቄ ነው።

ንጥረ ነገሩ አንድ ቢሆንም ሁኔታው አንድ አይደለም። በማረጡ መድኃኒት ከኤስትሮጅን ጋር ተደርቦ ላረጠች ሴት ይሰጣል። መርፌው ደግሞ እንቁላል እንዳይወጣ አድርጎ ኦቫሪ የሚያመርተውን ኤስትሮጅን ዝቅ ያደርጋል፤ የምትወጋዋም ብዙ ጊዜ ወጣት ናት። የአንዱን ውጤት በቀጥታ በሌላው ላይ መገልበጥ ስሕተት ይሆናል።

በቀጥታ የተሠሩትስ ምን ይላሉ? 1.8 ሚሊዮን ሴቶች የታዩበት የ2017ቱ የዴንማርክ ጥናት የሆርሞን መከላከያ በሚጠቀሙት ላይ አደጋው 20 በመቶ ከፍ ማለቱን አሳየ። በቁጥር ሲመነዘር በዓመት ከ7,690 ተጠቃሚ ሴቶች አንዷ ተጨማሪ ትታመማለች፤ ከ35 ዓመት በታች ላሉት ደግሞ ከ50,000 አንዷ። በ2023 የወጣው የብሪታንያ ጥናት ፕሮጄስቲን ብቻ ያላቸውን ለይቶ አይቷል። መርፌ፣ በክንድ የሚቀበር፣ እንክብል ወይም ሆርሞን ያለው ሉፕ ቢሆን ጭማሪው ተቀራራቢ ነው፤ ከ20 እስከ 30 በመቶ። ዕድሜው ግን ልዩነቱን ያመጣዋል፦ በ16 እና በ20 ዓመት መካከል ለአምስት ዓመት ከተጠቀሙ 100,000 ሴቶች በ15 ዓመት ውስጥ 8 ተጨማሪ፣ በ35 እና በ39 መካከል ከተጠቀሙት ግን 265 ተጨማሪ ይታመማሉ። ስሌቱ የጡት ካንሰር በብዛት ለሚታይባቸው ሀብታም አገሮች የተሠራ ነው፤ መነሻው ዝቅ ባለበት አገር ያው መቶኛ የሚያመጣው የሰው ቁጥር ያንሳል።

የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን ያለበትን ጥምር እንክብል «ምድብ 1 ካንሰር አምጪ» ውስጥ ማስቀመጡ በየጊዜው ይጠቀሳል፤ ትምባሆም እዚያው አለ። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ እንጂ አደጋው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አይደለም። ያው ኤጀንሲ ጥምር እንክብል የኦቫሪና የማህፀን ሽፋን ካንሰርን እንደሚቀንስም መዝግቧል።

አንድ ወገን «ትንሽም ቢሆን አደጋ ካለ ይነገራት» ይላል። ሌላው ወገን ማስፈራራት የሚያስከትለውን ይፈራል፤ በ1995 በብሪታንያ ስለ አንዳንድ እንክብሎችና ስለ ደም መርጋት ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ብዙ ሴቶች መድኃኒታቸውን ጥለው በቀጣዩ ዓመት ውርጃ ጨምሮ ነበር። በ2016ቱ ዳሰሳ በኢትዮጵያ ከ100,000 ሕያው ወሊዶች 412 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ መለኪያው ከላይኛው ጋር አንድ ባይሆንም ሚዛኑ ምን እንደሚመስል ያሳያል። ለማንም ሴት መደበቁ ትክክል አይደለም፤ ለ19 ዓመቷም ለ39 ዓመቷም አንድ ዓይነት ቃል መናገሩም እንዲሁ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መስመሩን በግልጽ አስምሯል፦ የጡት ካንሰር ያለባት ሴት የሆርሞን መከላከያ አትጠቀም፣ ሆርሞን የሌለው የመዳብ ሉፕ ግን ይሆናታል። እናቷ ወይም እኅቷ የታመመችባት ሴት በዚህ ብቻ አትከለከልም።

ከላም ኦቫሪ እስከ ታሞክሲፈን

ሆርሞን ለጡት ካንሰር ምግብ ከሆነ ምግቡን መከልከል መድኃኒት ይሆናል። እዚህ የተደረሰው ሆርሞን የሚለው ቃል ራሱ ገና ሳይኖር ነው። የስኮትላንዱ ቀዶ ሐኪም ጆርጅ ቢትሰን አርሶ አደሮች የላም ኦቫሪ ከወለደች በኋላ ሲወጣ ወተቷ ሳይነጥፍ እንደሚቆይ ያውቁ እንደነበር ሰምቷል፤ አንዱ አካል ሩቅ ያለ ሌላ አካልን ያዛል ማለት ነው ብሎ አሰበ። በ1895 ካንሰሩ ለተስፋፋባት የ33 ዓመት ሴት ሁለቱንም ኦቫሪ አወጣላት። ዕጢው ሟሟ፤ ውጤቱን በ1896 አሳተመ። ዘዴው ለሁሉም አልሠራም። ለምን እንዳልሠራ የታወቀው ከግማሽ ክፍለ ዘመን በላይ ዘግይቶ ተቀባዩ ሲገኝ ነው።

ታሞክሲፈን ያው ተቀባይ ላይ ተቀምጦ ኤስትሮጅን እንዳይገባ የሚዘጋ እንክብል ነው። በጡት ይዘጋል፣ በማህፀን ሽፋን ደግሞ እንደ ኤስትሮጅን ሆኖ ይሠራል፤ ስለዚህ ታሞክሲፈን የምትወስድ ያረጠች ሴት ደም ካየች ቀን ሳታሳልፍ መመርመር አለባት። ርካሽ ነው፣ ለዓመታት በቤት ይዋጣል፣ የጨረር ማሽን አይጠይቅም። የሚሠራው ግን ተቀባይ ባለው ዕጢ ላይ ብቻ ነው።

ለዚህም ነው ከናሙናው ምርመራ በኋላ የሚሰጠው ወረቀት ላይ ስለ ሆርሞን ተቀባይ የምትናገረው አንዲት መስመር ከሌላው ሁሉ የምትበልጠው። በአፍሪካ ተቀባይ የሌለው ክፉ ዓይነት ይበዛል የሚለው ጥቅል አነጋገር በዋናነት ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ነው። በ2014 በታተመ ጥናት 352 ኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ሲታዩ ተቀባይ የሌላቸው 35 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በአሜሪካ በሚኖሩ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆች ላይ የተሠራም ሥራ ወደዚሁ ያመለክታል። አብዛኞቹ እንግዲህ ከታሞክሲፈን ሊጠቀሙ የሚችሉ ናቸው። የተቀባይ ምርመራው ግን ልዩ ማቅለሚያና የሠለጠነ ፓቶሎጂስት፣ ማለትም ናሙና የሚመረምር ሐኪም፣ ይፈልጋል፤ በየሆስፒታሉም አይገኝም። ዕጢዋ ተቀባይ ይኑረው አይኑረው ሳይታወቅ እንክብሉን የጀመረች አለች፤ ተቀባይ እያለው ማንም ሳይመረምርላት እንክብሉ ያልታዘዘላትም አለች። ናሙና የሰጠች ሴት ውጤቷን ስትቀበል «ካንሰር ነው ወይስ አይደለም?» ከማለት አልፋ «የሆርሞን ተቀባዩስ ተመርምሯል?» ብላ ብትጠይቅ፣ መልሱ የሚቀጥሉትን አምስትና ከዚያ በላይ ዓመታት ሕክምናዋን ይወስናል።